ሮማ ቪ ኤፍ የቲማቲም ዘር በአዳማ ጓሮ

ሮማ ቪ ኤፍ የተባለውን የቲማቲም ዘር ከአንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ ገዝቼ በአዳማ ጓሮዬ የዘራሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ለሞቃት አካባቢ በጣም የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ተክሉ አጭር ስለሆነ ረጅም ድጋፍ አይፈልግም፤ ፍሬው ደግሞ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ጥቂት በመሆኑ ለስልስና ለወጥ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። በስሙ ውስጥ ያሉት «ቪ» እና «ኤፍ» በአፈር ውስጥ የሚኖሩትንና ተክልን የሚያጠወልጉትን ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የተባሉ ፈንገሶች መቋቋሙን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ በዝናብ ወቅት ቅጠልን የሚያጠቁረውን ዋግ ስለማይቋቋም፣ በክረምት መትከሉን አልመክርም።

በመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ታች የታየው ጥቁር ጠባሳ የዘሩ ጉድለት አልነበረም። ውሃውን አንዴ አብዝቼ፣ ሌላ ጊዜ አዘግይቼ በማጠጣቴ ተክሉ ካልሲየምን ወደ ፍሬው በበቂ ሁኔታ ማድረስ አልቻለም፤ ጠዋት ጠዋት በእኩል መጠን ማጠጣት ስጀምር ግን ችግሩ ቀረ።

ቅር ያሰኘኝ አሻሻጡ ነው። ሻጩ ዘሩን ከትልቅ ጣሳ ቆንጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ ስለሰጠኝ የታሸገበትን ዓመት ማወቅ አልቻልኩም፤ ከዘራሁትም ሲሶው ሳይበቅል ቀርቷል። ስለዚህ ገዢዎች የታሸገና ቀን የተጻፈበትን እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለሚደርስም፣ ለቤተሰብ ፍጆታ በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መዝራት ይሻላል።