እናታችንን ላስታመመችልን ነርስ

የእናታችን አርባ ወጣ። ለቅሶ ለደረሳችሁን፣ ከሩቅም ደውላችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

ዛሬ ግን ለብቻዋ ማመስገን የምፈልጋት ሰው አለች። እናቴን በመጨረሻ ዘመኗ ቤታችን ድረስ እየመጣች ያስታመመች ነርስ ናት። "ስሜን እንዳትጽፊው" ብላኛለች። እሺ፣ ስሟን አልጽፍም። ምስጋናውን ግን አልተውም።

እሷን ለማመስገን መጀመሪያ ስለ እማዬ ማውራት አለብኝ። 88 ዓመት ኖራለች፤ ራሷም ነርስ ነበረች። የተማረችው ጎንደር፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ወባ እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለችውን ደንቢያን ከፈጀ ገና ቅርብ ነበር። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አብረው ሰልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። እማዬ ከኮሚኒቲ ነርሶቹ አንዷ ናት። በበቅሎ እየሄደች አዋልዳለች። የመስታወት ስሪንጅ ቀቅላ መርፌ ወግታለች። የፈንጣጣ ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ያቺን ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ይዛ ከገበያ ገበያ ዞራለች። አንድ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። እማዬ ያችን ወር እንደ ልጆቿ ልደት ነበር የምታስታውሳት።

እንዲህ ያለች ሴት አልጋ ስትይዝ ማስታመም ቀላል አይደለም። ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ አንድ ኤጀንሲ አስታማሚዎች በየተራ ላከልን። ክፉ ልጆች አልነበሩም። ግን ነገሩ ሁሉ "እማማ ይዋጡ፣ እማማ ይተኙ" ነው። የምን መድኃኒት እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ለእርስዎ ጥሩ ነው" ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት ስታድል ለኖረች ሴት! እማዬም አፏን ግጥም።

ይቺ ልጅ የመጣች ቀን ገና በሩን ስታልፍ "እጄን የት ልታጠብ?" አለች። እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ስትል አየኋት። ልጅቷ ታጥባ ገባችና "ሲስተር፣ እንደምን አደሩ?" አለቻት። ከዚያ ወዲያ እቤታችን "ሲስተር!" ተብሎ ሲጠራ "አቤት" የሚሉት ሁለት ሆኑ።

እማዬ በየሁለት ሰዓቱ ትገላበጣለች። ሰዓቱ፣ የዞረችበት ጎን፣ የደም ግፊቷ፣ ሽንቷ ሳይቀር ደብተር ላይ ይሰፍራል። ጠዋት ጠዋት ደብተሩ ለእማዬ ይቀርባል። መነጽሯን አድርጋ ታነባለች። ያልተሞላ ቦታ ካገኘች ወዮ! የሌሊት ተረኛው ወንድሜ ስንቴ ተቆጥታዋለች።

አንድ ቀን ተረከዟ ላይ ቀላ ያለ ነገር ታየ። ልጅቷ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቅላቱ ሲጫኑት ነጣ ካለ ደህና ነው። ይሄ ግን እንደቀላ ቀረ። የአልጋ ቁስል ጅማሬ ነው ማለት ነው። "ሲስተር፣ ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?" ብላ ጠየቀቻት። እማዬ "በአልኮል እሺው፣ ከሥሩም የጎማ ቀለበት አድርጊ" አለች። በእነሱ ዘመን እንደዚያ ነበር የሚደረገው። ዛሬ ሁለቱም አይመከሩም። ማሸቱ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል፤ ቀለበቱም ዙሪያውን ተጭኖ ደም ይከለክላል። ልጅቷ ወንበር ስባ ቁጭ አለችና ይህንኑ አስረዳቻት፣ ልክ ለሥራ ባልደረባዋ እንደምትነግር። እማዬ መቼ ዝም ብላ ትሰማለች! ተከራከረች። በኋላ ግን "ታዲያ ስንቱን ሰው አሽተነዋል በይኛ!" ብላ ሳቀች። ባቷ ሥር ትራስ ገባ፣ ተረከዟ ከፍራሹ ተነሳ፣ ቅላቱም ጠፋ። እስክታርፍ ድረስ ገላዋ ላይ አንድም ቁስል አልወጣም። አልጋ የያዘ ሰው ያስታመመ፣ ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ያውቃል።

ኋላ ላይ እማዬ ማንበብ ሲያቅታት ልጅቷ ደብተሩን ጮክ ብላ ታነብላት ጀመር። እማዬ በጭንቅላቷ ነቅነቅ ካላደረገች ወደሚቀጥለው ገጽ አታልፍም።

እናት አባት አልጋ ይዘውባችሁ አስታማሚ የምትፈልጉ፣ እኔ የምጠቁማችሁ እሷን ነው። የሙያ ፈቃዷን ሳትጠየቅ ታሳያለች። ልብስ አታጥብም፣ ወጥ አትሠራም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ትናገራለች። እኔ በበኩሌ ወድጄላታለሁ። ክፍያዋ ርካሽ ነው አልልም፣ ግን ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም። የምትሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቀን ቀን ብቻ ነው። ለሌሊቱ ሌላ ሰው ፈልጉ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቃችሁ የታመመው ሰው ሥራው ምን እንደነበር ነው፤ መልሱን አሰናድታችሁ ደውሉ።