ዲኤክሴን «ገና ሥራ ላይ ናት» ላለችኝ የኢንሹራንስ ወኪል

የእኔን ዲኤክስ፣ ቶዮታ መኪናዬን፣ የማያውቅ የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሰው ካለ፣ ጅማ የገባው በቅርቡ መሆን አለበት። ነጭ ናት። ማለቴ፣ ነጭ ነበረች። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1982 ሞዴል ናት። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ቅዳሜ አጋሮ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሰፈር ውስጥ ሰርግ ካለ ብረት ድስት ትጭናለች። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሷ አይደለም። (ስለ እሷ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ባለቤቴ ምስክር ናት።) አንዲት የኢንሹራንስ ወኪል ማመስገን አለብኝ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። የመኪናዋን ፎቶ ብልክለት «አጎቴ፣ ይቺ እኮ ክላሲክ ናት! እዚህ ብትሆን በክላሲክ ኢንሹራንስ በርካሽ ትገባ ነበር» አለኝ። እዚያ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ (የጥንት መኪና) ታርጋ ማውጣት ይችላል አሉ። የእኔዋ ደግሞ 40ን ዘላለች። በቃ፣ ልቤ አበጠ። ቡና ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ።

በዚያ ላይ ካቻምና የተቃጠልኩበት ነገር ነበር። በሌላ ወኪል በኩል ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ነበር። ሰውዬው መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። «ዋጋዋን ስንት ልበል?» አለኝ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው፣ እንዲቀንስልኝ ብዬ ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። እሱም ጻፈ። ከዚያ መርካቶ መታጠፊያው ላይ አንድ ባጃጅ የመኪናዋን የግራ በር ገጭቶ ፍሬቻውን ይዞት ሄደ። የተከፈለኝ ካሳ ለላሜራ ሠሪው እንኳን አልበቃም። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ሰው የለም። ሌቦች ናቸው ብዬ ተውኩት።

ዘንድሮ ሦስተኛ ወገኑ (ሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት የገባሁት ኢንሹራንስ) ሊያበቃ ሲል አንድ ወዳጄ ወደዚች ልጅ ላከኝ። «ክላሲክ ኢንሹራንስ ፈልጌ ነው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። አልሳቀችብኝም። «ጋሼ፣ መኪናዋ የት ናት? እንያት» ብላ ተነሳች። ውጭ ያካፋል። ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ኮፈኑን አስከፈተችኝ። ምንጣፉን ገልጣ ወለሉን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ዝገቱ ተፈረፈረ። የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ነው፣ የእኔዋ ደግሞ ደጅ ነው የምታድረው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። «በሳምንት ስንት ቀን ይነዷታል?» በየቀኑ። «ሌላ መኪና አለዎት?» የለኝም። «ከእርስዎ ሌላ ማን ይነዳታል?» ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ወሩ ነው። «ሞተሯ የራሷ ነው?» እዚህ ላይ ተንተባተብኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለችኝ። «ይንገሩኝ ካሉ እነግርዎታለሁ፣ ካልፈለጉ ደግሞ እንደኮሩ ይሂዱ።» ንገሪኝ አልኳት።

እንዳስረዳችኝ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የክላሲክ ኢንሹራንስ ውል አለ። ዕድሜ ግን በሩን ነው የሚከፍተው፣ ውስጥ አያስገባም። ተራ ቤተሰብ የሚነዳት ዲኤክስ ወይም ቮልስ መሆኗም አይከለክላትም። ጥያቄው ሌላ ነው። በደንብ ተይዛለች ወይ? ዝግ ጋራዥ ውስጥ ታድራለች ወይ? ባለቤቱ ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና አለው ወይ? በዓመት ምን ያህል ትሄዳለች? የሚነዳትስ ልምድ ያለው ሰው ነው ወይ? ውሉ የሚረክሰው መኪናዋ ስላረጀች መስሎኝ ነበር። ለካ አብዛኛውን ጊዜ ስለምትቆም ነው። የቆመ መኪና ከማን ጋር ይጋጫል?

ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ዋጋው ነው። ባለቤቱና ኩባንያው አስቀድመው በአንድ ዋጋ ይስማማሉ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ የሚከፈለው ያ ዋጋ ነው፣ አርጅቷል ተብሎ አይቀነስም። የእህቴ ልጅ የነገረኝ የታርጋውን ነው። ታርጋ ሌላ፣ ኢንሹራንስ ሌላ። «እኔ ከምሸጠው ውስጥ እንዲህ ያለ ውል የለም፤ ቢኖርም የእርስዎዋን አያስገባም። ጡረታ አልወጣችም፣ ገና ሥራ ላይ ናት» አለችኝ። እኔ ነኝ የሳቅሁት።

የካቻምናውን ነገር ስነግራት ወረቀትና እስክሪፕቶ አወጣች። መኪናዋ 600,000 ብር የምታወጣ ከሆነ እንበል። በ300,000 ብር ካስገባኋት፣ ኢንሹራንስ የገባው ግማሿ ብቻ ነው። ስለዚህ 40,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብልኝ 20,000 ነው። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት በራሴ የምችለው አለ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሌቦች ያልኳቸውን ሰዎች በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ግማሹን ያህል። ሳያይ የጻፈውን ግን አልጠየቅሁም።

ታዲያ አንድ ሚሊዮን ብዬ ባስገባትስ? ይኼም አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የንብረት ኢንሹራንስን የካሳ ውል ነው ይለዋል፤ ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥም። ትርፉን አረቦን በከንቱ መክፈል ነው።

ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ እሱ ላይ ክርክር የለም። በዚያ ላይ የእሳትና የስርቆት ብቻ ጨምሬ ሙሉውን እንድተው መከረችኝ። «በሚተርፍዎት ብር ወለሉን ያሠሩ፣ ልጆች ነው የሚጭኑት» አለች። ልብ በሉ፣ ኮሚሽኗ የሚታሰበው ከአረቦኑ ነው። የእኔ ክፍያ ባነሰ ቁጥር የእሷም ያንሳል።

ሞተሩን በተመለከተ ግን ቆጣ ብላለች። የተቀየረው ሞተር ቁጥር ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ላይ ካልገባ፣ ካሳ በተጠየቀ ቀን ጣጣ ነው። ደረሰኙን ፈልጌ፣ ተመላልሼ አስተካከልኩት። መመላለሱን ባላወራው ይሻላል። መኪናዋን በአራቱም ጎን ፎቶ አንስቼ፣ ከጋራዥ የዋጋ ግምት በጽሑፍ አምጥቼ ከውሉ ጋር አያይዛልኛለች። ውሉንም አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችልኝ። ከእኔ በፊት ለነበሩት እናት ደግሞ በኦሮምኛ እንዲሁ ስታስረዳ ሰምቻለሁ።

አንድ ጉድለት አለባት፣ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ የምትፈልጓት በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ሰው ይበዛል። ሊብሬያችሁን ያዙ። መኪናውንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳታይ አትጽፍም።