ልጄን ጊታር ላስጀመረልኝ መምህር

ሰላም የባሕር ዳር ወላጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው። ሽምብጥ አካባቢ፣ በራሱ ቤት፣ ትንንሽ ልጆችን ጊታር የሚያስተምር ወጣት አለ። ስሙ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ጊታር ካላስተማራችሁኝ ብላ ስትነዘንዘን ቆይታለች። አጎቷ ይህን ሰምቶ ከአዲስ አበባ ጊታር ይዞላት መጣ። ያምራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ግን የትልቅ ሰው ነው፣ ክሩም የብረት። ይዘነው ሄድን። መምህሩ ቃኘው፣ ትንሽ ተጫወተበት፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠላትና "እስቲ እጅሽን ወደ ጫፉ ዘርጊ" አላት። ተንጠራርታም አልደረሰችም። "ጥሩ ጊታር ነው፣ አስቀምጡላት" አለኝ። "አሁን በዚህ ካስጀመርናት ግን እጇን ያማታል። ካመማት ደግሞ ትጠላዋለች።"

ከዚያ የራሱን ትንሽ ጊታር አውጥቶ አዋሰን። ለእሱ ብሎ የጨመረው ክፍያ የለም። እኔ ይህን ሰው ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ስለ መጠኑ ያስረዳኝን ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውምና። የትልቅ ሰው ክላሲካል ጊታር ክሩ የሚወጠርበት ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለልጆች የሚሠሩ ትንንሾች አሉ። ከ5 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ብዙውን ጊዜ 1/2 የሚባለው ይሆነዋል፣ ከዚያ እስከ 11 ዓመት ገደማ 3/4። ግን ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፣ ክንዱን ማየት ያስፈልጋል። ክሩ ደግሞ ናይለን ይሁን። ውጥረቱ ቀለል ያለ ስለሆነ የልጅ ጣት ይችለዋል። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ ግን የብረት ክር እንዳታስገቡ። ውጥረቱ ስለሚከብድ ክሩ የታሰረበትን እንጨት ሊገነጥለው ይችላል። አንድ ሱቅ "ትልቁን ግዙላት፣ ታድግበታለች" ብሎን ነበር። ታድግበታለች ተብሎ የሚገዛው ጫማ ነው እንጂ ጊታር አይደለም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮርድ የሚባል ነገር፣ ማለትም ብዙ ድምፅ አንድ ላይ መምታትን፣ አላነሳም። ከስድስቱ ክር ቀጫጭኖቹን ሦስቱን ብቻ አሳያት፣ የሚቆጠሩትም ከቀጭኑ ጀምሮ ነው። ሦስተኛውን ክር ባዶውን፣ ማለትም ሳይጫኑ፣ መምታት። ከዚያ ያንኑ ክር 2ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት መስመር የተከፈለው ቦታ) ላይ ተጭኖ። ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ ቀጥሎ 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ። በመጨረሻ አንደኛውን ባዶውን። አለቀ። አምስት ድምፅ፣ የሚጫነው ሁለት ቦታ ብቻ። ይህ ትዝታ ቅኝት ነው!

እኔ ሙዚቃ አልተማርኩም። ይህን ስሰማ ግን ገባኝ። ከውጭ የመጣ የጀማሪ መጽሐፍ ልጁ ሰምቶት በማያውቀው ዜማ ይጀምራል። እሱ የጀመረው ጆሮዋ ከሚያውቀው ነው። ትዝታን በሬዲዮም፣ በሠርግም፣ በአያቷ እንጉርጉሮም ስትሰማው ነው ያደገችው። ቤት ስንገባ ማንም ሳይነግራት ድምፆቹን እያቀያየረች የራሷን ነገር ትጫወት ጀመር። ስትስት ራሷ ትሰማዋለች፣ ራሷ ታስተካክላለች። ኮርዱ በኋላ መጣ፣ እሱም በአንድ ጣት። እነዚያኑ ሦስት ክሮች ብቻ እየመታች፣ አንደኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ስትጫን ጂ የሚባለው ኮርድ፣ ሁለተኛውን 1ኛው ፍሬት ላይ ስትጫን ሲ የሚባለው። በሁለቱ እየተቀያየረች መዝፈን ትችላለች።

ስለ ጣት ሕመም ያለውም ጠቅሞናል። ጣቷ ከፍሬቱ የብረት መስመር ኋላ፣ ተጠግቶ ይረፍ። ከራቀ ድምፁ ዝዝዝ ይላል፣ ልጅ ደግሞ ያን ለማጥፋት ይበልጥ ይጫናል፣ ያኔ ያማል። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ። በየቀኑ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ቅዳሜ ብቻ ተቀምጦ ሰዓት ሙሉ ከመታገል ይሻላል። አመመኝ ካለች ይብቃ፣ ቆዳው ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ትምህርቱን የሚያቆመውም ገና "አንዴ ልድገም" እያለች ነው። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ የሚቀጥለውን ቀን ትጠብቃለች።

ክረምት ላይ ሌላ ችግር ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ የባሕር ዳርን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሲወርድ ጊታሩ አይሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን ትምህርቱን ይሰርዘው ነበር። እሱ ጊታሩን አስቀምጦ ጭብጨባ ያስተምራቸዋል። በእግር አንዱን ምት፣ በእጅ ሌላውን። ዛሬ ልጄ ምት የማትስተው ከዚያ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቴ በመጀመሪያ አልወደደችውም። "ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" አለችኝ። ይህን የሚል አያት በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። መምህሩ ነገሩን ሰምቶ አልተቀየመም። ቤት መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ "እማማ፣ በእርስዎ ጊዜ ክራር ይመታ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። እሷ የልጅነቷን ሠርግ ስታወራ እሱ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ጊታሩን አንስቶ ትዝታ ተጫወተላት። አሁን ልጄ ስትለማመድ አጠገቧ የምትቀመጠው እናቴ ናት። መምህሩን ስታገኘው "ልጄ፣ አምባሰልን መቼ ነው የምታሳያት?" ትለዋለች።

ወላጅ ሁሉ የሚፈልገውን ደግሞ ልናገር። ሲያስተምር በሩ ክፍት ነው፣ ወላጅም አጠገብ እንዲቀመጥ ራሱ ይጠይቃል። አይጮህም። ሰዓት ያከብራል። ለባለቤቴ በስልክ መቃኛ መተግበሪያ መቃኘትን አስተምሮታል፣ የክሮቹ ድምፅ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው። አዲስ የናይለን ክር እስኪረጋ ድረስ ቶሎ ቶሎ ስለሚላላ ይህ በጣም ያስፈልጋል። "ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ዝግጅት ሲኖር ውሰዷት፣ ማሲንቆና ክራር ሲጫወቱ በዓይኗ ትይ" ብሎም መክሮናል። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ከነወላጆቻቸው ጣና ዳር ጥላ ሥር ሰብስቦ ሁሉም የቻለውን እንዲጫወት አደረገ። ውድድር የለም፣ ደረጃ የለም። ዓይን አፋሯ ልጄ ተነስታ ተጫወተች።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ከልብ አመሰግንሃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዘመንህ ይባረክ።

ለወላጆች፦ ብዙ ልጅ አንድ ላይ ስለማይቀበል ተራ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ገና ነው ይላል፣ ለእነሱ መዝፈንና ማጨብጨብ ይበቃል። ጊታር ገና ካልገዛችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክንዱን አይቶ የቱ እንደሚሆነው ይነግራችኋል።