ታንኬሬይ ለንደን ድራይ ጂን በቶም ኮሊንስ ሲመዘን

ለሙቀት ወራት ከሚዘጋጁት የጂን ኮክቴሎች ሁሉ ደጋግሜ የምመርጠው ቶም ኮሊንስን ነው። ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ የመጠጥ ቀማሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በታተመው መመሪያው ውስጥ ያካተተው ይህ መጠጥ ከጂን፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ጋዝ ካለው ውሃ በቀር ብዙ የሚገባበት ነገር ስለሌለ፣ የጂኑ ድክመት ቶሎ ይታወቃል። ቀደም ሲል የገዛሁት አንድ ለስላሳ ጂን በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጣዕሙ ጨርሶ ጠፍቶ የሎሚ ጭማቂ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ወደ ታንኬሬይ የዞርኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለንደን ድራይ የሚለው ስያሜ የአሠራሩን ደንብ እንጂ የተመረተበትን ከተማ አያመለክትም፤ ጣዕሙ ቅመሞቹ ከአልኮሉ ጋር አብረው ሲነጠሩ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቀለምም ሆነ ሌላ ቃና አይጨመርበትም። የታንኬሬይ ቅመሞች ጥቂት ናቸው፦ የጥድ ፍሬ፣ ድንብላል፣ የአንጀሊካ ሥር፣ እንዲሁም ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር። አረንጓዴውን ጠርሙስ ከፍቼ ሳሸተው ጥዱ ቀድሞ ይመጣል፤ ድንብላሉ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል መዓዛ ይዞ ይከተላል፤ ይህም ከሎሚው ጋር በጣም ይስማማል።

የገዛሁት የአልኮል መጠኑ 47.3 በመቶ የሆነውን ነው። 45 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ሚሊ ሊትር ወዲያው የተጨመቀ ሎሚ እና 15 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ ከበረዶ ጋር አሥር ሰከንድ ያህል በጥብቅ እንጣለሁ፤ ከዚያም ትላልቅ በረዶ በሞላበት ረጅም ብርጭቆ አጥልዬ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየውን 60 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ በመጨረሻ በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርጌ እጨምራለሁ። ውሃው ካልቀዘቀዘ ጋዙ ቶሎ ስለሚያመልጥ ይህን እርምጃ ችላ ማለት መጠጡን ያበላሸዋል። ከበረዶው የሚቀልጠው ሳይቆጠር የአልኮሉ መጠን 14 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ማለትም ከወይን ጠጅ የማያንስ በመሆኑ፣ እንደ ለስላሳ መጠጥ በአንድ ትንፋሽ የሚጨለጥ አይደለም።

የአበባ መዓዛ ያለው ለዘብ ያለ ጂን ለሚወድ ሰው ይህን አልመክርም፤ የጥዱ ኃይል ይከብደዋል። ለእኔ ግን ትክክለኛው ፈተና ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያለው ጉንጭ ነበር፤ በረዶው ግማሽ ያህሉ ቀልጦ፣ ብርጭቆው ላቡን እያንጠባጠበ፣ ጥዱ አሁንም ምላሴ ላይ በግልጽ ይሰማኝ ነበር።