ባለ ሦስት ጎማ የሞተር ፓራግላይደር በዴንቨር ሜዳዎች፤ የአሥር ወራት ልምድ

ሻጮች ለሞተር ፓራግላይደር (ፓራሹት መሰል የጨርቅ ክንፍ ሥር ተንጠልጥለው በሞተር ለሚበሩበት መሣሪያ) የሚገጠመው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ (ትራይክ) ዋና ጥቅሙ ድካም መቀነሱ እንደሆነ ይናገራሉ። ከአሥር ወራት በላይ ከተገለገልኩበት በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ ግን የተለየ ነው፤ በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ለሚበር ሰው የጋሪው ትልቁ ጥቅም ፍጥነት ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንድ ክንፍ ያንኑ ክብደት ለማንሳት 8 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር በጀርባ አዝሎ ይህን ፍጥነት በእግር ሩጫ ማምጣት ለወጣትም ከባድ ነው፤ ጎማ ግን ይደርስበታል።

የያዝኩት ሞተር ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ በባሕር ወለል ደረጃ 25 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሲሆን ክንፉ 28 ካሬ ሜትር ነው። ጋሪው በራሱ 35 ኪሎ ያህል ስለሚጨምር ከላይ ያልኩት ጥቅም በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል። በቀዝቃዛ ማለዳ ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳይንደረደር የሚነሳው ጋሪ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከዚያ እጥፍ በላይ ርቀት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚያ ሙቀት የዴንቨር አየር ከ2,500 ሜትር በላይ ካለ መደበኛ አየር ጋር ይስተካከላልና። በነገራችን ላይ፣ ይህን መሣሪያ አገር ቤት ስለ መውሰድ ለሚጠይቁኝ ወዳጆች የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው፦ አዲስ አበባ ገና ሳይሞቅ 2,300 ሜትር ላይ ነች፤ ስለ ፈቃዱ ጉዳይ ከማውራታችን በፊት ስለ ሞተሩ ጉልበት እናውራ።

አነሳሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል፤ በእግር መነሳት የለመደ ሰውም እንደ አዲስ መማር ይኖርበታል። ክንፉ ከጋሪው ኋላ ተዘርግቶ ጋሪው ወደፊት ሲንቀሳቀስ ገመዶቹ ይወጠሩና ክንፉ ይነሳል። ገና ከኋላ እያለ ሙሉ ጋዝ ከተሰጠ የፕሮፔለሩ ነፋስ ይረብሸዋል፤ ጋሪውም ከክንፉ ይቀድማል። ስለዚህ በመጠነኛ ጋዝ እየተነዱ፣ ክንፉ ከራስ በላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን በመስተዋት ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ጉልበት መጨመር ይገባል። ክንፉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጋሪውን ወደዚያው ጎን ነድቶ ከሥሩ መግባት ነው፤ ካልተደረሰበት ደግሞ ሳያመነቱ ጋዙን መዝጋት። ትራይኮች በብዛት የሚገለበጡት በዚህች ቅጽበት፣ ክንፉ ወደ ጎን እየጎተተ አብራሪው ግን "ይስተካከላል" ብሎ ጋዝ ሲጨምር ነው። የጎን ነፋስ ያለበት ቀን፣ ቢያንስ ለእኔ፣ የበረራ ቀን አይደለም። የፊቱ ጎማ በእግር የሚመራ ሲሆን ቀኝ እግር ሲገፋ ጋሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ በልጅነቱ የኩሽኔታ ጋሪ የነዳ ሰው ሳያስብ ይመራዋል፣ የአውሮፕላን ፔዳል የለመደ ግን ግራ ይጋባል።

ስለ ሜዳው ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። በዚህ አካባቢ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉት ትናንሽ እንስሳት የሚቆፍሩት ጉድጓድ ለእግረኛ እምብዛም ችግር ባይሆንም፣ ለፊት ጎማ ግን ወጥመድ ነው፤ መንደርደሪያውን አስቀድሞ በእግር ማሰስ የግድ ይላል። በበጋው መጨረሻ የሚደርቀው ቁርንጭት ደግሞ ከመነዳሪ አያስተርፍም። ጋሪው ይዞት የመጣው ቀጭን ጎማ ለአስፋልትና ለተስተካከለ ሣር የታሰበ ይመስላል፤ ሰፊ ጎማ ቀይሬ ውስጡን ቀዳዳ በሚደፍን ፈሳሽ ከሞላሁት ወዲህ ግን እፎይ ብያለሁ።

ሞተሩ ቀላል ነው፤ ንዝረቱ ግን ምንም አይምርም። ማርሚታውን የሚይዙት ሞላዎች ይበጠሳሉ፣ ቡሎኖች ይላላሉ፤ ከኋላ የሚወድቅ ማንኛውም ነገር በቀጥታ ፕሮፔለሩ ላይ ስለሚያርፍ ሞላዎቹን በሽቦ አስሬ፣ ቡሎኖቹ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አያቸዋለሁ። በኮሎራዶ ማደያዎች መደበኛው ቤንዚን ኦክታኑ (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም መለኪያው) 85 ስለሆነ ለዚህ ሞተር አይመከርም፤ እኔ 91 እጠቀማለሁ፣ የተረፈውንም ታንኩ ውስጥ አላሳድርም፤ በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ኤታኖል የካርቡራተሩን ስስ ጎማ ይጎዳልና። ካርቡራተሩን ለዚህ ከፍታ ያስተካከለ ሰው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ እንደገና ማስተካከል አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠን ቤንዚን አያገኝም፣ ግሎም ሊነክስ ይችላል።

በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 103 መሠረት ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ኪሎ በታች የሆነ ባለ አንድ መቀመጫ በራሪ የአብራሪ ፈቃድም ሆነ ምዝገባ አይጠየቅም፤ የእኔው ጋሪ፣ ሞተርና ክንፍ ተደምረው ከዚህ ብዙ ያንሳሉ። ይሁንና ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ላይ መብረር የተከለከለ ነው፤ የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሚቆጣጠረው የአየር ክልልም ሰፊ በመሆኑ ካርታ ሳያዩ መነሳት አያዋጣም።

ጉልበቱ ወይም ወገቡ ሩጫ ለማይፈቅድለት ሰው ጋሪውን ያለማመንታት እመክራለሁ። ጠባብ ወይም ኮረብታማ ሜዳ ብቻ ያለው ግን በእግር መነሳቱን ቢመርጥ ይሻለዋል። እኔ ከመጪው ሐምሌ ሙቀት በፊት ክንፉን ወደ 31 ካሬ ሜትር ለማሳደግ አስቤአለሁ፤ በትልቅ ክንፍ የመነሻው ፍጥነት ስለሚቀንስ መንደርደሪያው ያጥራል፣ በአንጻሩ የጉዞው ፍጥነትም አብሮ ስለሚቀንስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲበረታ ከዛሬው ይበልጥ መሬት ላይ መቆየቴ አይቀርም።