ስለ ስቴንቴ ስብሰለሰል፣ ተነስ ያለችኝ ሲስተር

ይህ ምስጋና ለአንዲት ነርስ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብላ ስላስማለችኝ "ሲስተር" ብቻ ልበላት። የምትሠራው የልብ ሕመምተኞች ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከ8 ወር በፊት ሃርት አታክ ጣለኝ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ከበደኝ፤ ግራ እጄ ዛለ፣ ላብ አጠመቀኝ። በእጄ አንጓ በኩል ገብተው የተዘጋውን የልቤን የደም ቧንቧ ከፈቱልኝ፣ ስቴንት የምትባል ትንሽ የብረት መደገፊያም አስገቡልኝ። ሐኪሞቹን እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ በኋላ ለያዘኝ ሌላ በሽታ ግን መድኃኒቷ ሲስተር ነበረች።

በሽታው ፍርሃት ነው። ማታ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ትርታዬን ስቆጥር ይነጋል። ቀን ስልኬ ላይ ስለ ስቴንት ሳነብ እውላለሁ። መድኃኒት የተቀባ አለ፣ ባዶ ብረት አለ። የእኔ የቱ ነው? የተሻለው ቀርቶብኝ ይሆን? ባለቤቴን አሰለቸኋት።

የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ላይ ይህንኑ ጠየቅኩ። ሲስተር አልሳቀችብኝም። እስክሪብቶዋን ፈታች፤ ውስጡ ያለችውን ቀጭን ሞላ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ጋሼ፣ ስቴንት ማለት ይህችን የምትመስል የብረት መረብ ናት። ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ደግፋ ትይዘዋለች።"

ባዶው ብረት ላይ ግን ቁስል ሲሽር እንደሚሆነው ሥጋ ይበቅልበታል፤ ሲበዛ ቧንቧውን መልሶ ያጠበዋል። የተቀባው መድኃኒት ቀስ እያለ እየወጣ ያንን ይገታል። ዛሬ በአብዛኛው የሚመረጠውም እሱ ነው። ፋይሌን ገልጣ አሳየችኝ፣ የእኔም እሱ ሆኖ ተገኘ።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ስለ አንድ የኖርዌይ ጥናት ነገረችኝ። በ2016 የወጣ ነው። ወደ 9,000 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ባዶውን፣ ገሚሱ የተቀባውን አስገቡ። በ6 ዓመት ውስጥ ድጋሚ ቧንቧ ማስከፈት ባዶው ብረት ባላቸው ላይ በዛ፤ 19.8 በመቶ፣ በሌሎቹ 16.5። በሞትና በድጋሚ ሃርት አታክ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁም መልሳቸው ተቀራራቢ ነበር።

"ስለዚህ ስቴንቱን ለእኛ ይተዉትና ይነሱ፣ እንራመድ" አለችኝ።

የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ 5 ደቂቃ ሄድኩ፣ ግድግዳውን እየተደገፍኩ። አሁን 40 ደቂቃ እራመዳለሁ።

ለማንም ያልተነፈስኩትንም ጥያቄ ራሷ አነሳችው፤ ከባለቤቴ ጋር ስለመሆን። ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረትዎን ሳይጨንቅዎት፣ ትንፋሽ ሳያጥርዎት ከወጡ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፣ ሐኪምዎንም ይጠይቁ አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። (ባለቤቴም ታመሰግንሻለች፣ ሲስተር።)

ከሁሉም የማልረሳላት የጥርሱን ነው። ላስነቅል ሄጄ፣ ብዙ ደም እንዳይፈስ፣ ደም እንዳይረጋ የምውጣቸውን ክኒኖች፣ አስፕሪኑንም ክሎፒዶግሬሉንም፣ ለሳምንት አቁም ተባልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ግን ልቤ አልቀበል አለኝና ደወልኩላት።

"እንዳይነኩት!" አለች ጮክ ብላ።

ከሃርት አታክ በኋላ ሁለቱ ክኒኖች በአብዛኛው ለ1 ዓመት አብረው ይወሰዳሉ። ያለ ልብ ሐኪም ምክር ከተቋረጡ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋና ቧንቧው ባንዴ ሊዘጋ ይችላል። ከልብ ሐኪሜ ጋር አገናኘችኝ፤ ሐኪሞቹ ተነጋገሩ፤ ክኒኑ ሳይቋረጥ ጥርሱ ተነቀለ። ፋሻ ነክሼ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ በቃ።

ስቴንት ያስገባ ዘመድ ካላችሁ፣ የልብ ማገገሚያ ክፍል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁለት። ብዙ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ያለቀ ይመስለዋል። እኔንም ባለቤቴ ጎትታ ነው የወሰደችኝ። እንደ ሲስተር ያለች ከገጠመቻችሁ ደግሞ ያፈራችሁበትን ጥያቄ ይዛችሁ አትመለሱ።

ያቺ ሞላ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ አዲስ እስክሪብቶ ገዝቼላታለሁ።