የዱር ቲማቲም ዘር ከዴቪስ ማዕከል፦ ለባክቴሪያ በሽታ ፍተሻ ያዋጣል?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኘው፣ በቻርልስ ሪክ ስም የተሰየመው የቲማቲም ዘረመል ሀብት ማዕከል ለተመራማሪዎችና ለአዳቃዮች የዱር ቲማቲም ዘር ይልካል። ትልቁ ጥንካሬው መዝገቡ ነው፤ ናሙናዎቹ «ኤልኤ» የሚል መለያ ቁጥር አላቸው። ከውጭ አገር ለሚታዘዝ ዘር የማስገቢያ ፈቃድ ቀድሞ ይያዝ።

ደካማ ጎኑ የዘሩ ማነስ ነው። ለሰፊ ፍተሻ ስለማይበቃ መጀመሪያ ማባዛት ግድ ይላል። ችግሩም እዚህ ይጀምራል፦ ሶላነም ፔሩቪያነምና ሶላነም ቺሌንሴ የተባሉት የዱር ቲማቲም ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ ዘር አይዙም፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በእጅ ማሸጋገር ያስፈልጋል። ከአንድ ናሙና የወጡ ተክሎችም ወጥ አይደሉም። አንዱ በሽታውን ሲቋቋም ጎረቤቱ ሊወድቅ ይችላል፤ የበሽታ መጠን ነጥብ ለየተክሉ እንጂ በጅምላ አይሰጥ።

የማብቀያ መመሪያቸው ግን ይመሰገናል፦ በረኪናና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ዘሩን 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የጋላፓጎስ ዝርያዎች ቅርፊታቸው ደንዳና ነውና ከዚያም በላይ ይቆዩ።

በቲማቲም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ለሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ለሲውዶሞናስ ሲሪንጌ፣ ፍተሻ ኤልኤ 4245 ቀዳሚ ምርጫ ነው። ከቲማቲም የዱር ዘመድ ከሶላነም ሊኮፐርሲኮይደስ የመጣው ፒቲአር 1 የተባለ በሽታ ተከላካይ ጂን የታወቀው በዚህ መስመር ሲሆን፣ ነባሩ ፒቶ ጂን የማይገታውን ሬስ 1 የተባለውን የባክቴሪያውን ዓይነት ይቋቋማል። ከናሙናው ተጋላጭ ተክልም ይወጣልና ሁሉንም እንደ ተቋቋሚ መቁጠር ስህተት ነው። ከጎኑ ለበሽታው ተጋላጭ የሆነው መኒሜከር የተባለ የቲማቲም ዝርያ ይተከል፤ እሱ ካልታመመ ፍተሻው አይቆጠርም። እንዲህ ሲሆን ባክቴሪያው ከተረጨ በኋላ ችግኞቹ እርጥበት አጥተው እንደሆነ ይታይ።